ፊልትሮው እንዳይቆሽሽ

ጋሽ ላሚኔት መንጃ ፈቃድ መስጫው መሥሪያ ቤት አጥር ሥር ባለች ጠባብ ሱቃቸው ውስጥ ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ወረቀት በላስቲክ ሲያሽጉ ኖረዋል። መታወቂያ፣ ዲፕሎማ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ፤ ወረቀት ይሁን እንጂ እሳቸው አያማርጡም። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቁት ሚስታቸውና መንግሥት ብቻ ናቸው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ወረቀቱ ላይ ላስቲክ ጨምረው ተረቱን ከድሮው በጣም አጠንክረውታል።

ሙያ ደግሞ ሱቅ ሲዘጋ እዚያው የሚቀር ነገር አይደለም፤ ቤት ድረስ ተከትሎ ይገባል። ሳሎናቸው ውስጥ ያለው ሶፋ ከተገዛ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፤ እስከ ዛሬ ግን ከነላስቲኩ ነው፣ ጨርቁን የሰው ገላ ነክቶት አያውቅም። በሙቀት ቀን አጭር እጅጌ ለብሶ የመጣ እንግዳ ክንዱ ይጣበቅበትና ሲነሣ ፕላስተር የተላጠ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ፣ የግድግዳው ሰዓት በላስቲክ፣ የማቀዝቀዣው እጀታ በላስቲክ። አቧራ የዚህ ቤት ቀንደኛ ጠላት ነው። ሚስታቸው አንድ ጊዜ ሶፋው ላይ የምንቀመጠው ስንሞት ነው ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። ዕቃም እንደ ሰው ክብር እንደሚፈልግ ረዘም ያለ ትምህርት ተሰጣቸውና ዳግመኛ አልጠየቁም።

የቤቱ ትልቅ ጉዳይ ግን ሶፋው ሳይሆን የበኩር ልጃቸው ነበረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ እሳት የላሰች ልጅ። አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ድርጅት በሹፌርነት ሊቀጥራት ተስማምቶ፣ የቀራት መንጃ ፈቃዱ ብቻ ነበር። ወሩ እስኪያልቅ እንደሚጠብቃት፣ ከዚያ ካለፈ ግን በቦታዋ ሌላ ሰው እንደሚያስገባ በደብዳቤ ነግሯታል። ደብዳቤው ላሚኔት ተደርጎ ግድግዳ ላይ መሰቀሉን መናገር አያስፈልግም። ልጅቷ ደብዳቤውን በየጠዋቱ እየቆመች ታነበዋለች፤ በሕይወቷ ይህን ያህል የፈለገችው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ተፈትና ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሦስተኛው ፈተና ሰኞ ነው። ሦስት ጊዜ የወደቀ ሰው እንደገና ለመፈተን ስድስት ወር መጠበቅ አለበት፤ ስድስት ወር ሹፌር የሚጠብቅ ድርጅት ደግሞ የለም።

ሁለቱንም ጊዜ የወደቀችው አንድ ቦታ፣ የፈተናው ዳገት ላይ ነው። ተፈታኙ ዳገቱን እኩሌታ ይወጣና ይቆማል፤ ከዚያ አንድ ስንዝር እንኳ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት ተነሥቶ መጨረስ አለበት። ልጅቷ ሌላውን ሁሉ እንደ ውኃ ጠጥታዋለች፤ እዚያ ስትደርስ ግን እግሯ ይንቀጠቀጥና ሞተሩ ይጠፋል። ምክንያቱን ከጋሽ ላሚኔት በቀር ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። መንዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፣ በገዛ አሮጌ መኪናቸው፤ ፈተናውንም የምትፈተነው በዚያችው ነው። የማስተማሪያ ዘዴያቸውም «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን!» እያሉ መጮህ ነው። በሁለቱም የፈተና ቀን ሱቃቸውን ዘግተው፣ አጥሩ ሥር ቆመው፣ በዚሁ ዘዴ ሲያግዟት ነበር። እሳቸው ራሳቸው እንኳ ዳገት አይነዱም። ዳገት ባለበት ሁሉ ሜዳ ሜዳውን ዞረው ይሄዳሉ፤ ይህንንም ለመኪናዋ ማዘን ይሉታል።

ጋሽ ላሚኔት ነገሩን አወጡ አወረዱ። ልጅቷ ልትሳሳት አትችልም፤ ያስተማሯት እሳቸው ናቸውና። እሳቸው ሊሳሳቱ አይችሉም፤ ይህማ ማስረጃም አያሻውም። የቀረችው መኪናዋ ናት። በዚህ መሐል በስልካቸው ባዩት ቪዲዮ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ አንድ ጎረምሳ፣ መኪናዎ ዳገት የምትፈራው መተንፈስ አቅቷት ነው፣ ይህን የእሽቅድምድም የአየር ፊልትሮ ይግጠሙላትና ጉድ ይዩ ብሎ ሲምል ሰሙ። በሳምንቱ ፊልትሮው ቤት ገባ። ቀይ ነው፣ ሾጣጣ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥርት ባለ ላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ታሽጎ ነው የመጣው። ጋሽ ላሚኔት የእሽጉን ጥራት ካዩ በኋላ ስለ ፋብሪካው ሌላ ምስክር አልፈለጉም።

እዚያው ሠፈር ጋራዥ ያለው የሚስታቸው ወንድም ወሬውን ሰምቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ሰውየው ቃል የሚቆጥብ ዓይነት ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ውስጡን አየ፣ ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ፣ መልሶ ዘጋው።

«ጋሼ፣ መኪናዋ ምንም አልሆነችም» አላቸው። «አየር ያጠራት ልጅቷ ናት።»

ጋሽ ላሚኔት ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ይሄ ሰው ሞተር ሲፈታ ሠላሳ ዓመት ሞላው እንጂ አንድ ቪዲዮ እንኳ አላየም።

ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷ ለፈተናው ፎቶ ልትነሣ ወጣ ስትል ጋሽ ላሚኔት እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መጀመሪያ የመግጠሚያውን መመሪያ አወጡ። መመሪያው ለሁለት የታጠፈ ባለ ሥዕል ወረቀት ነው። በዘይት እጅ እንዳይበላሽ ብለው፣ ገና ሳያነቡት፣ እንደታጠፈ ሱቅ ወስደው አሽገውት ነበር። አሁን በአንደኛው ፊት የፊልትሮው ፎቶ፣ በሌላኛው ፊት ከአምስት እስከ ስምንት ያሉት ሥዕሎች ይታያሉ። ሻይ ይዘው ወደ ግቢ የወጡት ሚስታቸው ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ከአንድ እስከ አራት ያለውስ?»

«ውስጥ ነው።»

«እና እንዴት ይነበባል?»

«አይነበብም» አሉ ጋሽ ላሚኔት። «ግን አይበላሽም።»

ከአንድ እስከ አራት ያለው ለጀማሪ መሆኑንም ጨመሩበት። ሚስታቸው ሻዩን አስቀምጠው ወደ ቤት ገቡ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብሎ የተረተው ሰው ጋሽ ላሚኔትን አላገኛቸውም እንጂ፣ ቢያገኛቸው ተረቱን ትቶ እግራቸው ላይ ወድቆ ይለምናቸው ነበር።

ኮፈኑን ከፈቱ። አሮጌው ፊልትሮ የተቀመጠበትን ጥቁር ሳጥን አራት መቆንጠጫዎች በካቻቢቴ እየፈነቀሉ አላቀቁ። አንደኛው መቆንጠጫ ተስፈንጥሮ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ገባና ጠፋ፤ ትርፍ ነበር ብለው አለፉት። ከዚያ አዲሱን ፊልትሮ አነሡ። ቧንቧው ላይ የሚሰካውን አፉን ብቻ፣ የሰው ዲፕሎማ ጠርዝ በሚያስተካክሉበት ምላጭ፣ ክብ አድርገው ቆረጡ። የቀረውን ላስቲክ አልነኩትም። አዲስ ዕቃ ነው፤ ሞተር ደግሞ ምን ያህል ቆሻሻ ቦታ እንደሆነ አሁን በዓይናቸው አይተዋል።

እውነት ለመናገር እጃቸው ለአፍታ ቆም ብሎ ነበር። ታዲያ አየሩ በየት ይገባል የሚል ሐሳብ ውልብ ብሎባቸዋል። ግን አዋቂ ሰው በውልብታ አይመራም። የፊልትሮ ሥራ አቧራ መከልከል ነው፤ ላስቲክም አቧራ ይከለክላል፤ እንግዲያው መኪናዋ በአንድ ጊዜ ሁለት ፊልትሮ አገኘች ማለት ነው። እዚህ ድምዳሜ ላይ ሲደርሱ በራሳቸው ተደነቁ። ማሰሪያውን የብረት ቀለበት በብሎን ሲያጠብቁት ላስቲኩ ጠርዙ ላይ ተተርትሮ ሁለት ሦስት ትናንሽ ቀዳዳ አወጣ፤ ይህ ትንሽ አሳዘናቸው። መኪናዋ እስከ ሰኞ በሕይወት የቆየችው በእነዚያ ቀዳዳዎች ነው።

ሞተሩ ተነሣ፤ መነሣት ብቻ ሳይሆን ማፏጨትም ጀመረ። ጋሽ ላሚኔት ሠፈሩን ዞሩ፣ ሜዳ ሜዳውን፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሰው ፉጨቱን እንዲሰማ መስኮቱን ሁሉ ከፍተው። ነዳጅ ጠንከር አድርገው ሲረግጡ መኪናዋ ትንተባተባለች፤ አዲሱን ጉልበቷን እየለመደችው ነው አሉ። ልጅቷ ፎቶዋን ይዛ ስትመለስ የምሥራቹን ነገሯትና «ለአጎትሽ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ» ብለው አስጠነቀቋት። ሞተር እንዲተነፍስ ይህን ያህል የለፉ ሰው ቤታቸው ውስጥ ትንፋሽ ከለከሉ። ልጅቷ ፉጨቱን ሰምታ ግንባሯን ቋጠረች፤ ኮፈኑን ከፍታ ግን አላየችም። የአባቷን ሥራ መፈተሽ ምን ያህል ረጅም ንግግር እንደሚያስከትል ታውቃለች። እሁድ ልለማመድ ብትል ደግሞ ለፈተናው ታጥባለች፣ አቧራ እንዳይነካት ተብሎ መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ ዋለች።

ሰኞ ጠዋት የፈተናው ሜዳ በሰው ተሞልቷል። ተፈታኞቹ በእጃቸው የያዙት ወረቀት ሁሉ የጋሽ ላሚኔት ማሽን ያለፈበት ነው፤ የፈታኟ ደረት ላይ የተንጠለጠለው መታወቂያ እንኳ የሳቸው ሥራ ነው። ስለዚህ እዚያ ሜዳ ላይ እሳቸው ሰው ናቸው። አጥሩ ሥር ቆመው ስለ ዳገት አነዳድ ምክር ይሰጡ ነበር፤ ያልጠየቀ ሁሉ ደርሶታል። ስለ እሽቅድምድሙ ፊልትሮም ያልሰማ አልነበረም።

ልጅቷ መሪ ያዘች፤ ፈታኟ ከጎኗ ተቀመጠች። በኋላ ማርሽ ገብቶ መቆሙንም፣ በእንጨቶቹ መካከል መጠማዘዙንም ያለ አንዳች እንከን ጨረሰች። ዳገቱን በቀስታ፣ መኪናዋ እያፏጨች፣ እኩሌታ ወጣችና ቆመች። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ለቃ ነዳጅ ስትሰጥ ፉጨቱ ቀጠነ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጠፋ። አስነሣችው፤ ደግሞ ጠፋ። «ፍሪሲዮን!» የሚል ጩኸት ከአጥሩ በኩል መጣ። ሦስተኛ ስትሞክር የቤንዚኑ ሽታ ሜዳው ድረስ ወረደ፤ ሞተሩም እስከ መጨረሻው ዝም አለ።

ፈታኟ ሌላ ሰው ብትሆን ወደቅሽ ብላ ትወርድ ነበር። እሷ ግን ስትፈትን የምታየው ፊት ሳይሆን እግር ነው፤ የልጅቷ እግር ደግሞ በዚያን ቀን ልክ ነበር። መኪናዋን በፍሬን ይዛ ቀስ እያለች ወደ ታች እንድትመልሳት ነገረቻትና ኮፈኑን አስከፈተቻት። ጋሽ ላሚኔት አጥሩን ዞረው እየሮጡ መጡ። ሌላውም ሰው ተከተላቸው፤ ነጻ ትርኢት ማን ይጠላል።

ላስቲኩ በሞተሩ ጉልበት ተስቦ ፊልትሮው ገላ ላይ ልጥፍ ብሏል። ፈታኟ በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ሳብ አደረገችው።

«ይሄን ማነው የገጠመው?»

ልጅቷ ላስቲኩን እንዳየች ነገሩ ሁሉ ገባት፤ በዓለም ላይ ይህን የሚያደርግ ሰው አንድ ብቻ ነው። ወደ አባቷ ዞረች። ጋሽ ላሚኔት ጫማቸውን እያዩ ነበር፤ ከኋላቸው ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል።

«እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

ፈታኟ ደንቡን ነገረቻት። መኪናዋን ያበላሸው ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ብልሽቱ ተስተካክሎ ፈተናው አሁኑኑ ይደገማል፤ ተፈታኙ ራሱ ካበላሸው ግን እንደ ወደቀ ይቆጠራል። መኪናውን የማያውቅ ሹፌር ሹፌር አይደለም፣ ደንቡ የሚለው እንዲህ ነው። ልጅቷ ይህን ሰምታ አንገቷን ደፋች፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም። ፈታኟ መዝገቡን ገልጣ እስክሪብቶዋን አወጣች።

አሁን ሁሉም ነገር በጋሽ ላሚኔት ምላስ ላይ ወደቀ፤ ያቺ ምላስ ደግሞ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታች። ጥፋቱ የኔ ነው የሚል ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የሰው ዲፕሎማ ተጨማዶ የታሸገ ጊዜ ጥፋቱ የመብራት ነበር፤ ማሽኑ የአንድ ሕፃን የልደት ወረቀት ያጠቆረ ጊዜ ጥፋቱ የወረቀቱ ነበር። ነገ ይህ ሁሉ ሰው ሱቃቸው በር ላይ ተሰልፎ በሆዱ ሲስቅ፣ የሚስታቸው ወንድም ደግሞ ምንም ሳይናገር ሲያያቸው ታያቸው። እናም፣ ይህን መናገር ያሳፍራል፣ ዝም አሉ። ፈታኟ የልጅቷን ቁጥር ጻፈች፤ እሳቸው ዝም። ቀኑን ጻፈች፤ እሳቸው አሁንም ዝም።

ልጅቷ ምንም ያልነካ መዳፏን በሱሪዋ ላይ ደጋግማ ትጠርግ ነበር። ትንሽ ልጅ ሳለች ፍርሃት ሲይዛት እንዲህ ታደርግ ነበር፤ የምትፈራውም እሳቸውን ነበር። ጋሽ ላሚኔት ነገሩ አሁን ገባቸው። ይህች ልጅ ያን ሁሉ የጓጓችለትን ሥራ እየጣለች ያለችው እሳቸው በሰው ፊት እንዳያፍሩ ብላ ነው፤ እሳቸውም ቆመው እየተቀበሏት ነው።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ፍሪሲዮን!» እያለ ሲጮህ የኖረው ድምፅ የት እንደገባ አይታወቅም፤ የወጣው ሹክሹክታ ነው። ፈታኟ ቀና አለች።

«ምን አሉ? አልተሰማኝም።»

«እኔ ነኝ የገጠምኩት። ልጄ ቤት አልነበረችም። ኮፈኑንም አልከፈተችም።»

«ላስቲኩስ?»

«እኔ ነኝ የተውኩት።»

«ለምን?»

ጋሽ ላሚኔት ዙሪያቸውን አዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በደስታ ይገቡ ነበር፤ መሬት ግን ሥራ ላይ አልነበረችም።

«እንዳይቆሽሽ ብዬ» አሉ።

«ማን? ፊልትሮው?»

«አዎ። ፊልትሮው።»

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ አጥሩን ዞረ፣ አጥሩ ማዶ ላልሰሙት ተነገረና እንደገና ዞረ። ሆዱን ይዞ የተቀመጠ ሰው ነበር። ጋሽ ላሚኔት ላብ በላብ ሆነው ቆሙ። ፈታኟ ብቻ አልሳቀችም፤ ያሉትን ቃል በቃል በቅጹ ላይ ጻፈችና አስፈረመቻቸው። ከዚያ ጋሽ ላሚኔት ላስቲኩን በገዛ እጃቸው ላጡት። ፊልትሮው ለመጀመሪያ ጊዜ አየር አገኘ፤ ልጅቷም መሪውን ያዘች።

በዚህኛው ሙከራ ጋሽ ላሚኔት ወደ አጥሩ አልተመለሱም። ባሉበት ቆመው መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መኪናዋ እኩሌታ ወጥታ ስትቆም ያ የለመዱት ቃል ጉሮሯቸው ድረስ መጣ፤ በመዳፋቸው መልሰው ዋጡት። ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ጎማው ለአንዲት አፍታ ያለ መነቃነቅ ቆየ፣ ከዚያ መኪናዋ ወደ ላይ ተነሣችና ዳገቱን ጨርሳ ከዓይን ተሰወረች። ሲስቅ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጋሽ ላሚኔት አላጨበጨቡም፤ እጃቸው አሁንም አፋቸው ላይ ነበር።

ልጅቷ ማለፏን የሚያረጋግጠውን ወረቀት ተቀብላ ስትመጣ እሳቸው በልማድ የሹፌሩን በር ከፍተው ሊገቡ ነበር። ቀድማቸው ገብታ ተቀመጠች።

«የት ልቀመጥ?» አሉ።

«ከኋላ።»

ገቡ። ልጅቷ ሞተሩን አስነሣች፤ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከላይ ያለውን መስታወት የአባቷን ዓይን እስኪያገኝ ድረስ አስተካከለች።

«አባዬ» አለች። «ቁጥሬን ስትጽፍ ዝም ብለህ ነበር። ቀኑን ስትጽፍም ዝም ብለህ ነበር።»

ጋሽ ላሚኔት ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አሸሹ።

«ልትተወኝ ነበር?»

ጋሽ ላሚኔት መልስ አጥተው የሚያውቁ ሰው አይደሉም፤ ለዚህም ሦስት አራት መጣላቸው። ደንግጬ ነው፣ ደንቡ አልገባኝም ነበር፣ ጉሮሮዬን ይዞኝ ነው። ሁሉም የሚያምሩ ናቸው፤ አንዱም እውነት አልነበረም።

«ለትንሽ ጊዜ፣ አዎ» አሉ።

ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ረዘም አድርጋ አየቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የሳቸውም እንደዚያው። በእጇ ጀርባ ጠረገችና የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች።

«ቀበቶህን እሰር» አለቻቸው።

አሰሩ።